ብሩስ ያልለየው ትል

ጄምስ ብሩስ መድኃኒቱን አገኘ፤ በሽታውን ግን ሳተው።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጎንደር የገባው በ1770 መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያለሁ)። የመጣበት ጉዳይ የአባይ ምንጭ ነበር፤ ሆኖም ዛፉንም አውሬውንም የቤተ መንግሥቱንም ሽኩቻ ሳያይ አላለፈም። ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ ወንድ ሴት፣ ትንሽ ትልቅ ሳይል ሁሉም የሚጠብቀው ልማድ ነው። አንድ ጭብጥ የደረቀ አበባ ከሁለት ሊትር በላይ በሆነ ጠላ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት ይጠጣል። የጠጣው ሰው ያን ቀን እስኪመሽ ከቤቱ አይወጣም፣ ወዳጅ ቢመጣም አይታይም። ከሆዱ ብዙ ትል ይወጣለታል። ወር ሲሞላ ደግሞ እንደገና። ብሩስ እንደሰማው ሐበሻ ከአገሩ ርቆ የማይጓዘው ይህን አበባ እንዳያጣ ሰግቶ ነው፤ የተጓዘውም አብዛኛው ዕድሜው አጭር ነው ይባል ነበር።

አበባው ኮሶ ነው። ብሩስ በ1790 ኤድንብራ ላይ ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የዛፉን ሥዕል አወጣ፤ ለእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ እንዲሆንም ባንኬሲያ አቢሲኒካ ብሎ ሰየመው። (ሥዕሎቹን በአብዛኛው የሠራው አብሮት የመጣው ጣሊያናዊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሞቶ የቀረውን ይህን ሰው ብሩስ እምብዛም አያነሳውም።) ስለ ትሉ ማንነት ሲጽፍ ግን ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነካውም። ረጅሙ ጥብጣብ ትል አይደለም፣ ሕፃናትን የሚያስቸግረውም አይደለም፣ አስካሪድስ የሚባለው ዓይነት ነው አለ።

እኔ እንደሚመስለኝ ያሳሳተው የትሉ ጠባይ ነው። ከከብት ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል በሰው አንጀት ውስጥ ከአራት እስከ አሥር ሜትር ይረዝማል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። የሚታየው ግን በቁመቱ አይደለም። ከጭራው በኩል የበሰሉት ነጫጭ ቁራጮች አንድ በአንድ እየተበጠሱ፣ በራሳቸው እየተላወሱ ይወጣሉ። ያላወቀ ሰው እያንዳንዱን ቁራጭ ራሱን የቻለ ትል አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ብሩስ ብዙ ትል ያየበት ቦታ ምናልባት አንድ ትል ብቻ ነበር።

ስሕተቱ ቀላል ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፓን ያስጨነቀው ያው ጥብጣብ ትል ነበርና። ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1773 ፈረንሳይን አቋርጧል። በ1775 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ማዳም ኑፌር ከምትባል የስዊስ ሐኪም መበለት የጥብጣብ ትል መድኃኒት ምስጢር በ18,000 ሊቭር ገዛ። ምስጢሩ ሲገለጥ ፈርን የሚባል የአውሮፓ ጫካ ተክል ሥር ሆኖ ተገኘ፤ ከጥንት ከግሪኮች ጀምሮ የሚታወቅ ነገር። ንጉሡ ይህን ያህል ገንዘብ ለሥር በከፈለበት ጊዜ ጎንደር ላይ ሎሌው እንኳ በነፃ ያህል የሚጠጣውን አበባ በዓይኑ ያየ ሰው በአውሮፓ ምድር ነበር። ብሩስ “ይህ ለጥብጣብ ትል ነው” ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ ሃምሳ ዓመት ባልዘገየ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አበባው የሚገኝበትን አገር እንይ። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ወደ ወልድያ ለሚሄድ ሰው በቀኝ በኩል የሚገተረው ተራራ ጉና ነው፤ ከ4,100 ሜትር በላይ ይወጣል። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። እስቴ፣ ጋይንትና ስማዳ ከዚሁ ከፍታ ጀምረው እየተቆራረሱ እስከ አባይና በሽሎ ሸለቆ ድረስ የሚዘልቁ አገሮች ናቸው። ነፋስ መውጫ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ወደ ስማዳ ቆላ ከወረደ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይፈልጋል። ኮሶ የሚወደው ከ2,400 እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ያለውን ደጋ ነው። ለኮሶ ከዚህ የተመቸ ምድር ማግኘት ይቸግራል።

እዚህ አካባቢ የሚገርመኝ የተፈጥሮ አደላደል ነው። ደጋው ኮሶ አለው። ወረድ ሲሉ ወይና ደጋው ላይ እንቆቆ አለ፤ ክብ ክብ ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል። ቆላ ወንዝ ዳር ደግሞ መተሬ ይበቅላል፤ ደቃቁ ዘሩ ይፈጫል። ሦስቱም ለአንድ በሽታ ናቸው። በየከፍታው የተለያየ ተክል ፈልጎ ለአንድ ትል ያዋለ ሕዝብ ትሉን በደንብ ያውቀዋል ማለት ነው። የሚያውቀውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዓል ሲሆን ሰንጋ ይጣላል፣ ብርንዶው በሙቀቱ ይበላል።

አጠጣጡ ሥርዓት አለው። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፉ ለየብቻ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው ቀላ ያለ አበባ ነው፤ ተቆርጦ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ጠጪው ማታ እምብዛም አይበላም። ሲነጋ በባዶ ሆዱ በጠላ ወይም በውኃ በጥብጦ ዓይኑን ጨፍኖ ይጨልጠዋል። ከዚያ ምሬቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ቁርጠቱ፣ ተቅማጡ። ወጣ አልወጣ ተብሎ ይታያል። ብሩስ በየወሩ ቢልም በየሁለት ወሩ መጠጣት የተለመደ ስለነበር “ኮሶ ጠጥቷል” የተባለ ሎሌ ያን ቀን አይታዘዝም፣ ጌታም እንግዳ አይቀበልም። እንግዳ ማየት ያልፈለገ ጌታ ሳይጠጣም “ኮሶ ጠጥተዋል” ሊያስብል ይችላል። ነፍሰ ጡር አትጠጣም። ሕፃን፣ የከሳና የደከመም ሰው አይደፍረውም።

ደብተራው በጠልሰምና በብራና የሚጠብቀው ዓይነት እውቀትም አልነበረም። ጋይንት የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት አገር ነው፤ ከዚያ ከወጡ ሊቃውንት መካከል ዕፅ የሚያውቁም ነበሩ፤ የሚቆፍሩትን ሥር ከልጃቸው በቀር ለማንም አያሳዩም ይባላል። ኮሶ ግን አደባባይ የዋለ መድኃኒት ነው። አርብ ገበያ ላይ በቁና የሚሸጥ፣ ሻጯ መጠኑን በጭብጧ የምትሰፍረው። ሻጯም ዝቅ ብላ የምትታይ ነበረች። የቋራው ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጣለች እየተባለ ይሰደብበት ነበር። በ1840ዎቹ እቴጌ መነን ካሳን እንዲይዝ የላከችው ደጃዝማች ወንድይራድ “የኮሶ ሻጭዋን ልጅ” ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎከረ ይባላል። ተሸንፎ ሲማረክ ካሳ ቀለቡን ኮሶ አደረገለት፤ እናቴ ገበያ ውላ ሳይሸጥላት የቀረ ነው ብሎ። ጎንደሬ ይህን ሲተርክ ይስቃል። እኔ ግን ወንድይራድ ስንት ጭብጥ እንደጠጣ ማወቅ እፈልግ ነበር፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ወደ ግኝቱ እንመለስ። ብሩስ የሳተውን ነገር ያቀናው ኢስታንቡል ውስጥ ያለ ቡና ቤት ነው። ብራዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እዚያ ይሠራ ነበር። እንደሚተረከው፣ የቡና ቤቱ አሳላፊ በጥብጣብ ትል መከራውን ሲያይ ሐበሻ አገር የነገደ አንድ አርመናዊ ሽማግሌ ሰማውና ከዚያ የመጣ አበባ ሰጠው፤ አሳላፊው ዳነ። ብራዬ የአበባውን ፍርፋሪ ይዞ ፓሪስ ገባ፣ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጽሑፍ አወጣ። የዕፅዋት ሊቁ ኩንት ከፍርፋሪው ተነሥቶ ብራዬራ አንቴልሚንቲካ ብሎ ሰየመው፤ ብሩስ ሥዕሉን ያወጣለት ያው ዛፍ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ዛፉ በባንክስ፣ በኮኒግስበርጉ መድኃኒት ቀማሚ በሃገን እና በብራዬ ስም ሦስት ጊዜ ተጠምቋል። ዛሬ በሳይንስ የሚጠራበት ሃጌኒያ አቢሲኒካ ጉናን በዓይኑ አይቶ የማያውቀውን የኮኒግስበርጉን ሰው ይዞ ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ ገንዘብ ገባበት። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ሸዋና ጎንደር ደርሶ ሲመለስ ኮሶ በብዛት ጭኖ ፓሪስ አወረደ። በ1850 ገደማ ለንደን ላይ አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ፣ 35 ሺሊንግ ተጠየቀበት። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠጣው ግማሽ አውንስ ያህል ነው። የድሃ እንግሊዛዊ ሠራተኛ ከሳምንት ደመወዙ በላይ ከፍሎ ኮሶ ይጠጣ ነበር ማለት ነው፣ ሊጠጣ ከቻለ። ከዚያ ነጋዴው ሲበዛ ዋጋው ወደቀ። በ1864 የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ኮሶን በይፋ አስገባው፤ የአዘገጃጀት መመሪያውም አበባው በፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ ሳይጠለል ከነአተላው እንዲጠጣ ነበር። ጋይንት ውስጥ ለማንም መነገር የማያስፈልገው ነገር ነው፤ ኮሶ የሚያጠልል ማን አለ?

የአውሮፓ ሐኪሞች ግን ብዙም ሳይቆዩ ማማረር ጀመሩ። አንዱ ይድናል፣ ሌላው አይድንም። አበባው በመርከብ ተጉዞ በመጋዘን ሲሰነብት ኃይሉ ይደክማል። ወንዴውና ሴቴው ተደባልቆም ይመጣል። የገበያዋ ሴት በዓይኗ የምትለየውን የለንደን ነጋዴ በጆንያ ገዝቶታል።

ትሉ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የተፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1861 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት የትሉን ቁራጭ ለጥጃ አበላና በጥጃው ሥጋ ውስጥ እጭ ሲፈጠር አየ። በ1869 ሕንድ ውስጥ ኦሊቨር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እጭ ያለበት የከብት ሥጋ የበላ ሰው ትሉ እንደሚይዘው አሳየ። ዑደቱ ተዘጋ፦ ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ላም ከሣሩ ጋር እንቁላሉን ትግጣለች፣ ሥጋዋ ውስጥ አተር የማይሞላ እጭ ይተኛል፣ ሰው ጥሬውን ይበላል። እጩ አንጀት ላይ ተጣብቆ አድጎ ቁራጭ እስኪጥል አሥር፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ወር ምናምን። ኮሶ ከሚጠጣበት ቀጠሮ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም፤ ትርጉሙ ግን የሚያኮራ ብቻ አይደለም። ትሉ ሁሉ ቢወጣና ራሱ፣ ያች ከአንጀት ላይ የምትጣበቀው የመርፌ ራስ የምታህል ነገር፣ ብትቀር በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ እንደገና ይረዝማል። ብርንዶው ደግሞ አዲስ ያመጣል። በየሁለት ወሩ የሚጠጣ ኮሶ ብዙ ጊዜ ትሉን ቆርጦ የሚጥል እንጂ ነቅሎ የሚያወጣ አልነበረም ማለት ነው። ልማዱ የመድኃኒቱን ድክመት በድግግሞሽ ሞልቶታል። ከትውልድ ትውልድ ትሉ ሲቆረጥ ኖረ፤ ከሥጋው ጋር ያለው ዝምድና ሳይታይ። በዓሉም አልቀረ፣ ሜዳውም አልቀረ።

ኮሶው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የጀርመን ቀማሚዎች መጀመሪያ ኮሲን የሚባል ቢጫ ክሪስታል አወጡ። በሚያሳዝን ሁኔታ ትሉን የሚገድለው ዋናው ነገር እሱ አልነበረም። በ1894 ላይክሰንሪንግ የሚባል ተመራማሪ ሌላ ንጥረ ነገር ለይቶ ኮሶቶክሲን አለው፤ ስሙ ውስጥ መርዝነቱን ጨምሮ። የሞለኪውሉ አወቃቀር ተብራርቶ የወጣው በ1970ዎቹ ነው፤ የሠሩትም ፊንላንዳውያን ኬሚስቶች ናቸው። ፊንላንዶች ስለ ኮሶ ምን ያሳስባቸዋል የሚል ይኖራል። የሚያጠኑት ፈርን ነበር። ማዳም ኑፌር ለንጉሡ የሸጠችው ተክልና የጉናው ዛፍ በዝምድና የማይገናኙ ሆነው ሳሉ ያዘሉት መድኃኒት ግን የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ፍሎሮግሉሲኖል የሚባሉ ውህዶች። የፈረንሳይ ንጉሥ የገዛውና የጎንደር ሎሌ የጠጣው፣ ሁለቱም ሳያውቁት፣ አንድ ዓይነት ነገር ነበር።

ይህ ቤተሰብ የሚሠራው የሕዋስን ኃይል በማናጋት ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከምግብ ኃይል የሚያወጡ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ፤ ከፈርን የተገኘው የዚህ ቤተሰብ አባል ምግቡ መቃጠሉ ሳይቀር ኃይሉ እንዳይጠራቀም እንደሚያደርግ በላቦራቶሪ ታይቷል። ትሉ ይዝላል፣ ጡንቻው ይከዳዋል፣ ከአንጀት ይላቀቃል፤ ከዚያ የሚያስቀምጠው ነገር ጠርጎ ያወጣዋል። ታዲያ ሚቶኮንድሪያ ለትል ብቻ የተሰጠ አይደለም። የጠጪውም ልብ፣ ጡንቻ፣ የዓይን ነርቭ በዚያው ነው የሚሠራው። ትሉ የሚሞተውና ሰውየው የሚተርፈው መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ስለሚቀር ብቻ ነው። ወደ ደም ካለፈ ፈዋሽነቱና መርዝነቱ አንድ ነገር ነው።

በፈርን ይህ በግልጽ ታይቷል። የድሮ ሐኪሞች ፈርን ካጠጡ በኋላ ሆዱን ለማጽዳት የጉሎ ዘይት ይጨምሩ ነበር። ውህዱ ዘይት ይወዳል፤ ከዘይቱ ጋር ወደ ደም ዘለቀና ሰዎች ዓይናቸው ጠፋ፣ የሞቱም ነበሩ። ኮሶ ከመጠጣት በፊት ያለው ማታ በጾም ያህል ማለፉን፣ ቅቤና ጮማ አለመነካቱን ሳስብ ልማዱ ምክንያቱን ባያውቅም ከአደጋው እንደራቀ ይሰማኛል። ይህ ግምቴ ነው እንጂ የተለካ አይደለም።

ኮሶና ዓይንን በኢትዮጵያ ውስጥ ያገናኘው ጽሑፍ በ1969 ወጣ። ሮኮስ የተባለ ሐኪም በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በኮሶ መመረዝ ምክንያት ስለሚደርስ የዓይን ጉዳት ጻፈ። በ1983 ደግሞ በዚያው መጽሔት ኮሶ በአይጥ ላይ ያለውን መርዛማነት የመረመሩ ተከታታይ ጽሑፎች ታተሙ። ሕዝቡ ነፍሰ ጡር አትጠጣ ሲል ያስወርዳል ማለቱ ነበር፤ ያስመልሳል፣ ያዝላል ሲልም አይቶ ነው። ዓይን ያጠፋል ሲባል ግን እምብዛም አይሰማም። ከሦስት ምዕት ዓመት የማያንስ ልምድ ያለው ሕዝብ ይህን እንዴት ሳያይ ቀረ?

መልሱ የአገሩ በሽታ ላይ ያለ ይመስለኛል። የአማራ ክልል፣ ደቡብ ጎንደርም ጭምር፣ ትራኮማ ከጸናባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው። ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ በየመንደሩ አለ። ከብዙ ዕውሮች መካከል አንዱን ኮሶ እንዳሳወረው ማን ይለያል? ማቅለሽለሹ በጠጡበት ሰዓት ይመጣል፤ ስለዚህ ምክንያቱ ይታወቃል። ጽንሱም በዚያው ሰሞን ይወርዳል። አልፎ አልፎ፣ አብዝቶ በጠጣ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ፣ ከሌላ በሽታ ጋር የሚመሳሰል ጉዳት ግን ለልምድ አይታይም። የሚታየው መዝግቦ ለሚቆጥር ሰው ነው። የልምድ እውቀት ብርታቱም ጉድለቱም እዚህ ላይ በግልጽ የተቀመጠበት ሌላ ምሳሌ አላውቅም።

አንድ ብቻ አለ፤ እሱም የዚሁ አገር ነው። ጓያ። የእስቴ ገበሬ ጓያ ሽባ እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ከሌላ እህል ጋር ሲቀላቀል እንደማይጎዳም ያውቃል። ሆኖም ዝናብ ሲቀር ሌላው እህል ይጠፋል፣ ጓያ ይተርፋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጨጨሆ ወዲያ ደላንታ ዳውንት ላይ ሰው ለወራት ጓያ ብቻ በላና ብዙ ወጣት እግሩን አጣ፤ ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በ1999 በላንሴት መጽሔት ላይ ያስታወቁት ይህንን ነው። አዲስ አበባ ላይ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በሽታውን ለዓመታት አጥንተዋል። ኮሶም ጓያም ላይ ያለው ጥያቄ መጠን ነው፤ ልዩነቱ የጓያን መጠን ራብ ይወስነዋል፣ የኮሶን ጭብጥ። ለዚህ ነው የወንድይራድን ቀለብ ማወቅ የፈለግሁት።

ጭብጥ ደግሞ የሚያስተማምን መለኪያ አይደለም። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከአምናው፣ ሴቴው ከወንዴው የኮሶቶክሲን መጠኑ ይለያያል። የገበያዋ ሴት በዓይኗ፣ በቀለሙ፣ በጠረኑ ታስተካክለው ነበር። ዛሬ ከተማ ላይ ተፈጭቶ በፌስታል ታስሮ ሲሸጥ ዱቄቱን አይቶ ማን ይለየዋል? መቼ እንደተቆረጠ፣ ከምን ጋር እንደተደባለቀ የሚናገር ወረቀት የለውም። “የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም” የሚለው የከተማ አባባልም ከጋይንት የመጣ አይደለም። ኮሶ የሚጠጣ የጋይንት ሰው አይጎዳም ብሎ አያውቅም፤ ያን ቀን በሩን ዘግቶ የሚውለው ስለሚጎዳው ነው።

ኮሶን ከገበያ ያስወጣው ታሪክ ላይም አንድ ግርምት አለ። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1950ዎቹ ኒክሎሳማይድ የሚባል ውህድ ሠራ። መጀመሪያ የተፈለገው የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ለመግደል ነበር፤ ከዚያ ጥብጣብ ትልንም እንደሚገድል ታወቀ። አሠራሩ ከእነ ፈርን ጋር ይመሳሰላል፤ የሕዋስን ኃይል ያናጋል። ነገር ግን ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አያልፍም። ኮሶ ያልቻለውን አንድ ነገር ቻለ ማለት ነው። በ1964 ደግሞ አክሊሉ ለማ ዐድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ያንን ድንቅ ሥራውን ጀመረ፤ በወንዝ ውስጥ እንዶድን የተፎካከረውም ይኸው ኒክሎሳማይድ ነው። አንድ የጀርመን ውህድ ሁለት የኢትዮጵያ ተክሎችን፣ አንዱን አንጀት ውስጥ፣ ሌላውን ወንዝ ውስጥ ገጠማቸው። ለአክሊሉና ለባልደረባው ለለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ተሰጣቸው፤ ለኮሶ ግን እንዲህ የቆመለት ሰው አልተገኘም።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ፕራዚኳንቴል መጣ። ዛሬ በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ኮሶ ታየብኝ የሚል ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን መዋጥ ይችላል፤ በአንድ ቀን ያልቃል፣ በሩን የሚዘጋበት ምክንያትም የለውም። ሐኪሙ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስና ሰገራህ ይታይ ሊለው ይገባል፤ የትሉ ራስ ቀርታ እንደሆነ የምትታወቀው ያኔ ነው። ክኒኑ የሚርቀውን፣ ገንዘቡ የሚያጥረውን ወይም ክኒኑን የማያምነውን ሰው ኮሶ አሁንም ይጠብቀዋል፤ ለእሱ የተለካና የተመዘነ ኮሶ ማዘጋጀት የሚቻል ይመስለኛል። መነሻው ኮሶቶክሲኑን በየዛፉ መለካት ነው፤ ለጎንደርም ሆነ ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ዛፉ ግን እስከዚያ መጠበቁ ያጠራጥራል። እንጨቱ ቀይና ያማረ ስለሆነ ለሣንቃ ይፈለጋል፤ በጉና ዙሪያ እርሻው ገብስና ድንች ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ብዙው የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በጓሮ ነው። ለአበባዋ የሚፈልጋት ሰው ሴቴዋን የሚቆርጣት ዘሯ ሳይበስል ነው። ወንዴው “ለምንም አይሆንም” ተብሎ ቀድሞ ይወድቃል፤ እሱ ከወደቀ ደግሞ እሷ አበባ ታወጣለች እንጂ ዘር አትሰጥም።